የመንገደኛው ውሃ ለማን ነው?

በሌላው ዓለም ተራራ የሚወጣ ሰው በማለዳ፣ ጉልበቱ ሳይዝል ፀሐዩም ሳይበረታ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ቁልቁል ይመለሳል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መንደሩ ያለው አናቱ ላይ ነው። ሰው በማለዳው ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ቁልቁል ይወርዳል፤ ረፋዱ ላይ ወንዝ ዳር ይደርሳል፤ አቀበቱን የሚጀምረው ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ጉልበቱም በቁልቁለቱ ከዛለ በኋላ ነው።

ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጉና አናት ከ4000 ሜትር ይበልጣል። ከታች ጋይንት ወይም ከስማዳ ደጋ ጫፍ ተነሥቶ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚገባ መንገደኛ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ሺህ ሜትር በወረድን ቁጥር አየሩ በስድስት ዲግሪ ያህል ይሞቃል። እንግዲህ ማለዳ ውርጭ የመታው ሰው ቀትር ላይ ቆላ ገብቶ ያልበዋል። ሲነሣ አልጠማውምና አልጠጣም፤ ሸክም እንዳይበዛበትም ብዙ ውሃ አልያዘም። ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ዘመድ ጥየቃ የሚሄደው ወገናችን አብዛኛው እንዲህ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ስለዚህ መንገደኛና ስለሚይዘው ውሃ ነው።

ደረሳው፣ ሸኹና ጀሪካኑ

ጋይንት የቤተ ልሔም ሀገር ነው። ድጓ ሊያስመሰክር ወደዚያ የሚጓዘው የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በሚሄድበት ምድር፣ የሙስሊሙ ልጅም ኪታቡን በጨርቅ ጠቅልሎ በሽሎን ይሻገራል። በእነዚህ ወረዳዎች የሙስሊሙ ቁጥር አናሳ ስለሆነ ከፍ ያለውን ዒልም የሚፈልግ ልጅ እነ ዳና፣ እነ ገታ፣ እነ ጃማ ንጉሥ ወደሚገኙበት ወደ ወሎ ማቅናት ነበረበት። እኔም የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ በአሥራ አራት ዓመቴ፣ የዘመናዊውን ትምህርት ለአንድ ዓመት አቋርጬ በመጋቢት ወር በዚሁ መንገድ ወረድሁ። አብረውኝ የነበሩት በንግድ የሚተዳደሩ፣ ፊቅህም የቀሩ አንድ አዛውንት ሸኽ ነበሩ። የያዝነው አንድ ባለ ሦስት ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ ጥቂት በሶ፣ ጥቂት ቆሎና በጨርቅ የተቋጠረ ጨው ነው።

ወንዙን ተሻግረን ጀሪካኑን ሞላን። አቀበቱን ከጀመርን ከሰዓት ተኩል በላይ ሆኖን ነበር፤ ያን ጊዜ ዙህር ገባ። ሸኹ ከኋላ ቀርተዋል። እኔ ወጣት ነኝ፤ ቀድሜ ደርሼ ጥላ ሥር ተቀመጥሁና ውዱእ ማድረግ ያዝሁ። እያንዳንዱን አካል ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ምንም ሳላጓድል፣ አፈሩ ጭቃ እስኪሆን ድረስ ታጠብሁ። ሸኹ ሲደርሱ በኩራት፣

«ሸኽዬ፣ ዙህር ገብቷል፤ እኔ ውዱእ አድርጌያለሁ» አልኋቸው።

ጀሪካኑን አንሥተው ነቀነቁት። ከሥሩ ትንሽ ነገር ተንቦጫቦጨ።

«ይህን ውሃ ማን ጨረሰው?»

«ውዱእ አድርጌበት ነው ሸኽዬ።»

«ሦስት ሦስት ጊዜ?»

«አዎ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ።»

አልተቆጡም። መዳፋቸውን በደረቁ አፈር ላይ አሳርፈው ፊታቸውንና እጆቻቸውን አበሱ፤ ሰገድን። ካሰላመትን በኋላ፣ «ልጄ፣ ሰፊናን ቀርተሃል አይደል?» አሉኝ።

«በቃሌ ይዣታለሁ።»

«እንግዲያው ባበ ተየሙሙን እየወጣህ በልልኝ።»

ሰፊናቱ ነጃ በሻፊዒይ መዝሀብ ጀማሪ ደረሳ የሚቀራት ትንሽ ኪታብ ናት። ተየሙም የሚፈቀድባቸውን ምክንያቶች ሦስት ብላ ትቆጥራለች። የመጀመሪያው ውሃ መታጣቱ ነው፤ ሁለተኛው ሕመም ነው። እነዚህን ሁለቱን አቀበቱን እየወጣሁ በዜማ አወጣኋቸው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ቆመ። ሦስተኛው ውሃው ለጥም የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ቃሉን ከዓመት በፊት ሸምድጄዋለሁ፤ ስለ እኔ ጀሪካን እንደሚናገር ግን እስከዚያች ሰዓት አላወቅሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልሄድሁም። በመጀመሪያ ባቴ ተሸማቀቀ። ቀጥሎ ራሴን ፈለጠኝ፤ ዓይኔ ተጭበረበረ፤ ያለኝን ሁሉ አስመለሰኝ። ሸኹ አንዲት ግራር ሥር አስተኙኝ። ጋቢያቸውን ለጥላ ቅርንጫፉ ላይ ዘረጉት። በቀረችው ውሃ ቁንጥር ጨውና በሶ በጥብጠው በጀሪካኑ ክዳን እየለኩ ጥቂት ጥቂት አጎነጩኝ። አንዱን ክዳን ይሰጡኝና ዚክራቸውን ቆጥረው ሌላውን ይሰጡኛል። እርሳቸው ግን ከዚያ ውሃ አንዲት ጠብታ አልቀመሱም። ፀሐይ ስታዘነብል አንድ ፍየል ጠባቂ አየን፤ እናቱን ጠርቶ በቅል ውሃ አመጡልን። ሴትዮዋ ክርስቲያን ናቸው፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው።

ፊቅሁ ምን ይላል?

ብዙ ሰው ተየሙም የሚፈቀደው ውሃ ጨርሶ ሲጠፋ ብቻ ይመስለዋል። «ውሃ በእጄ እያለ እንዴት በአፈር እሰግዳለሁ?» ይላል። ዑለማዎች ግን በዚህ ጉዳይ ግልጽ ናቸው። የያዝኸው ውሃ ለመጠጥ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ለአንተም ይሁን ለጓደኛህ ወይም አብራህ ላለች እንስሳ፣ ውሃው ለጥሙ ይቀመጥና ተየሙም ታደርጋለህ። አሁን ባይጠማህ እንኳ ከፊትህ ባለው መንገድ እንደሚጠማህ ካወቅህ ፍርዱ ያው ነው። አህያዋ ሳትቀር ከውዱእ ትቀድማለች ማለት ነው። ለጠማው ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው በዚያ ምክንያት ወንጀሉ እንደተማረለት የሚናገረውን ሐዲስ የሰማ ሰው በዚህ አይደነቅም።

ውሃው ለሁለቱም በሚበቃበት ጊዜም ቢሆን ማባከን የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ሙድ የመካከለኛ ሰው ሁለት እፍኝ ሙሉ ነው፤ በእኛ ልኬት ከአንድ ሊትር ሁለት ሦስተኛውን ያህል ቢሆን ነው። ግዴታው አንድ አንድ ጊዜ ማጠብ ነው፤ ሦስት ሦስቱ ሱና ነው። እኔ ያን ቀን ያፈሰስሁት ሦስት ሙድ ያህል ነበር። ሱና ጠበቅሁ ብዬ ሱናውን ተላለፍሁ። ወላሁ አዕለም።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው

የአዋቂ ሰው ሰውነት ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። በሙቀት አቀበት የሚወጣ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ያልበዋል። ላብ ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጨውም ይወጣል። ከክብደቱ ሁለት በመቶ ያህሉን በላብ ያጣ ሰው (60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.2 ሊትር መሆኑ ነው) ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ልቡ ይመታል፤ ንግግሩ ያጥራል። የጠፋው ሳይተካ ከቀጠለ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ ይከተላሉ። የመጨረሻው አደጋ በሙቀት መመታት ነው። ሰውየው ይቀባዥራል፤ መንገዱን ይስታል፤ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይግላል። ይህ ሰው ሳይዘገይ ጥላ ሥር ተወስዶ፣ ልብሱ ላልቶ፣ በውሃ እየረጠበና እየተራገበ ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ውሃ ማፍሰስ ግን አይገባም፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ደጋው ያታልላል። ብርዱ ጥምን ያደበዝዛል፤ የከፍታው ደረቅ አየር ደግሞ በየትንፋሹ ከሳንባችን እርጥበት ይወስዳል። ጉና ላይ ወጥቶ የዋለ ሰው ሳያልበው ይደርቃል። ስለዚህ ጥም ብቻውን አስተማማኝ ምልክት አይደለም፤ በተለይ በሽማግሌና በአሮጊት ላይ የጥም ስሜት ስለሚዳከም ልጆቻቸው ሊያስታውሷቸው ይገባል። ከጥም የተሻለው ምልክት ሽንት ነው። ፈዛዛ ገለባ የመሰለ ከሆነ ደኅና ነው፤ እንደ ሻይ ከጠቆረና ካነሰ ሰውነት ውሃ ተርቧል።

ታዲያ ስንት ይጠጣ? መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት፣ ከቁርሱ ጋር፣ ግማሽ ሊትር ያህል ይጠጣ፤ ብርዱን አይስማ። መንገድ ላይ በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይጎንጭ። ቆላ ላይ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ ሦስት ሩብ ያህል ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። የስድስት ሰዓት መንገድ ከሆነ ሦስት ሊትርና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ይህ ሦስት ኪሎ ሸክም ነው። ስለዚህ ምንጭና ጉድጓድ የት እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ሸክሙን ከጓደኛ ጋር መከፋፈል፣ ከተቻለም ወንዙን በማለዳ አልፎ ቀትሩን ጥላ ሥር ማሳለፍ ነው። አህያ ያለው ሰው ደግሞ ለምን ይቸገራል?

እዚህ ላይ ሌላውም ጥግ መነገር አለበት። ውሃ ጥሩ ነው ተብሎ እንደ ግመል መሙላትም ጉዳት አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው የደማቸው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ዋነኛው ምክንያት ካላባቸው በላይ መጠጣታቸው ነበር። ሰውነቱ ሲያብጥ፣ ሲያቅለሸልሸውና ራሱን ሲያመው ደግሞ ሌላው ሰው ውሃ ጎድሎታል ብሎ ይጨምርለታል! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠጡ በአንድ ትንፋሽ ከመጋት ይልቅ ሦስት ጊዜ እየተነፈሱ ይጠጡ ነበር፤ ምግብና መጠጥንም በልክ አስተምረዋል። እየቆጠበ እየደጋገመ የሚጎነጭ መንገደኛ ሐኪሙ የሚመክረውን እያደረገ ነው።

ጨው፣ በሶና ብርዝ

የባሕር ማዶ ተጓዦች በላብ የወጣውን ጨው ለመመለስ በዱቄት የተዘጋጀ መጠጥ ገዝተው ይይዛሉ። እናቶቻችን ያንን ሥራ በበሶ ሲሠሩት ኖረዋል። የገብስ በሶ በውሃ ተበጥብጦ ቁንጥር ጨው ሲገባበት ኃይልም፣ ውሃም፣ ጨውም በአንድ ላይ ይሰጣል። ቆሎ በጨው ታሽቶ ሲቆላ እንዲሁ ነው፤ ጥርስ ለሌለው ግን አይሆንም። ተልባና የሱፍ ውሃ ለመነሻ ጥሩ ናቸው፤ በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሹ ግን ለመንገድ አይመቹም። ያልፈላ ብርዝም መልካም ነው፤ ከአንድ ቀን በላይ እንዳይቀመጥ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ይሆናል።

ስለ ቡና የሚጠይቁ አሉ። ሁለት ሦስት ስኒ ቡና ሰውን አያደርቅም፤ በጨው የሚጠጡት ሰዎች ሀገር ደግሞ እኛው ነን። ጫት ግን ሌላ ነው። ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም፤ አፍን ያደርቃል፤ መቆም የነበረበትን ሰው ያስኬደዋል።

ተቅማጥ ወይም ትውከት ላገኘው ሰው ከጤና ኬላ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከሁሉ ይበልጣል፤ ክብደት የለውምና አንድ ሁለት ከረጢት በኪስ ይያዝ። እሱ ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ነው። ጨው ከዚህ አይብዛ። የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው የጨውንም የውሃንም ልክ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ወንዝ ላይ የሚቀዳው ውሃ ጥሙን ቢቆርጥም ለአሜባና ለታይፎይድ መንገድ ይከፍታል። ማፍላት ካልተቻለ ውሃ አጋር ወይም የማከሚያ እንክብል በመመሪያው ልክ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው፤ የደፈረሰውን አስቀድሞ ማጥለል ያስፈልጋል። የሀገራችን ሰው አልቅትን ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ከምንጭ በአፉ የጠጣ ሰው ጉሮሮው ላይ ተጣብቃ ደም ስታስተፋው ከርማለች። ከአቁማዳ አፍ ቀጥታ መጠጣትን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል፤ ከዑለማዎች አንዳንዶቹ ከምክንያቶቹ አንዱ ውስጡ ያለው ስለማይታይ ነው ብለዋል። በነጠላ አጥልሎ ወደ ጽዋ ቀድቶ፣ አይቶ መጠጣት እንግዲህ አደብም ጤናም ነው።

ጾመኛው መንገደኛ

በ2016ም ሆነ በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ረመዳን የዋለው በመጋቢት ነው። መጋቢት ደግሞ በእኛ ቆላ ሙቀቱ የሚከፋበት ወቅት ነው። ጾሙን ይዞ አቀበት የሚወጣ ሰው ምን ያድርግ? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ለሕመምተኛና ለመንገደኛ በሌላ ቀን እንዲያወጡት ፈቅዷል፤ ይህንም ያደረገው ማክበድን ሳይሆን ማቅለልን ስለሚሻልን ነው። በብዙ ዑለማዎች ዘንድ ጉዞ የሚባለው ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ያነሰ መንገድ የሚሄድ ሰው ጾሙን ይይዛል። ነገር ግን መንገድ ላይ ነፍሱን ወይም ጤናውን የሚጎዳ ጥም ካገኘው፣ ርቀቱ ቢያንስም፣ ያፈጥራል፤ ቀኑንም በኋላ ያወጣል።

መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰሓቦቻቸው ጋር በረመዳን እየተጓዙ ሳለ ጾሙ በሰዎች ላይ እንደ ከበደ ተነገራቸው። ከዐስር በኋላ ውሃ አስመጥተው፣ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው ወደ ላይ ከፍ አድርገው ጠጡ። ከዚያ በኋላም በጾማቸው የጸኑ ሰዎች እንዳሉ ሲሰሙ አላሞገሷቸውም፤ ታዛዥ እንዳልሆኑ ነው የተናገሩት። ስለዚህ ራሱን ስቶ እስኪወድቅ የታገሠ ሰው ከሌላው የበለጠ ጾመ ማለት አይደለም።

ሐጅም የእግር መንገድ ነው። በሰፋና በመርዋ መካከል የሚደረገው ሰዕይ ብቻ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያም ሃጀር (ዐ.ሰ.) ለጠማው ልጇ ውሃ ፍለጋ የተመላለሰችበት መንገድ ነው። በ1445 ዓ.ሂ. (ሰኔ 2016 ዓ.ም.) በመካ ሙቀቱ ከ51 ዲግሪ በለጠ፤ የሳዑዲ መንግሥትም 1301 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። ከእነዚህ 83 በመቶው ፈቃድ ሳይኖራቸው፣ መጠለያና ዕረፍት ሳያገኙ በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግራቸው የሄዱ ነበሩ። ሐጅ ያሰበ አባት ወይም እናት ያለው ቤተሰብ ጃንጥላና የውሃ ኮዳ ከኢሕራሙ ጋር አብሮ ቢያዘጋጅ ጥሩ ነው።

ውሃ የማይጠጡት ልጆች

እኔ ዛሬ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ አንዳንዶቹ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሌሎቹ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ይመጣሉ። ወንዶቹ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተው ሲይዙ አያለሁ። ሴቶቹ ግን አይዙም። ለረጅም ጊዜ ምክንያቱን አላወቅሁም ነበር። አንዲት ተማሪ በሰልፍ ላይ ወድቃ ስትነሣ የጠየቀቻት ሴት መምህርት ናት የደረሰችበት። ልጅቱ ከቤቷ ስትወጣ ሆን ብላ ውሃ አትጠጣም። መንገዱ ገላጣ ነው፤ ትምህርት ቤትም የሚዘጋ በር ያለው መጸዳጃ የለም። ሽንቷ እንዳይመጣ ራሷን ታደርቃለች። ሌሎቹንም ብንጠይቅ አብዛኞቹ ያው ነው መልሳቸው። ወደ ገበያ የሚሄዱ እናቶቻቸውም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ያጠቡ እንኳ ቢሆኑ።

ስለዚህ ለሴት ልጅ «ውሃ ጠጪ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ለእኛ የመጀመሪያው ሥራ የነበረው በር ነው። ወላጆች ግንድ አመጡ፤ አንድ አናጺ በነፃ ሠራ። እናቶችም መንገድ ላይ የትኛው ቁጥቋጦ ጋ መቆም እንደሚቻል ለልጆቻቸው አሳዩ፤ አብረው የሚሄዱ ልጃገረዶች አንዷ ስትቀመጥ ሌሎቹ በነጠላ እንዲከልሉ ተስማሙ። ያቺ ልጅ አሁን ጠርሙስ ይዛ ትመጣለች።

የዚያ ዓመት ትምህርቴ አልቆ ከወሎ ስመለስ ሸኹ ሊወስዱኝ መጡ። ወደ ወንዙ ከመውረዳችን በፊት የሞላውን ጀሪካን ፊቴ አስቀመጡና ከሰል ሰጡኝ። «ከላይ ያለው ለውዱእ፣ ከታች ያለው ለጉሮሮ እንዲሆን አስምር» አሉ። እኔም አንድ ሙድ አስቤ ከአንገቱ ዝቅ አድርጌ አሰመርሁ። አዩት፤ በአውራ ጣታቸው አጠፉትና ከፍ አድርገው፣ ክዳኑ ሥር አሰመሩት።